ያገለገለች ስፖርት መኪና ድሬዳዋ ላይ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከሊብሬ እስከ ደንገጎ ዳገት

ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ማርሚታዋ የሚያጉረመርም መኪና በከዚራ ጥላ ስር ስታልፍ ዞር ብሎ የማያይ የድሬ ልጅ የለም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው በዓይኑ ነው። የሚከፍለው ግን በዓመታት ዕቁብ፣ በዘመድ ብድር፣ አንዳንዴም ቤተሰብ ንብረት ሸጦ ባመጣው ገንዘብ ነው።

እዚህ ስፖርት መኪና ስንል ፌራሪ ማለታችን አይደለም። አገራችን ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጡት ሴሊካ፣ ሂዩንዳይ ኩፔ፣ ጎልፍ ጂቲአይ፣ ባለ ሁለት በር ቢኤምደብሊውና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህን የሚገዛ ሰው በኋላ ላይ የሚያለቅሰው በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው፦ በወረቀትና በሙቀት። ቀለም ይቀባል፣ ወንበር ይለበጣል፣ ጎማ ይቀየራል። ወረቀቷ የተበላሸ መኪና ግን የእናንተ አትሆንም፤ ሙቀት የማትችል መኪና ደግሞ ድሬ ላይ አትኖርም። ስለዚህ ቅደም ተከተላችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ሞተር፣ መጨረሻ ላይ ውበት። ደላላው በተቃራኒው ነው የሚያሳያችሁ።

ለምን አሁን የበለጠ ጥንቃቄ?

መንግሥት ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚያ በፊትም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶት ነበር። የመኪናው ዕድሜና የሞተሩ ሲሲ በጨመረ ቁጥር ታክሱ ይጨምራል። ስፖርት መኪና ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ይመታል።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ገበያው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቀድመው የገቡት ናቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ። መኪናዋ እያረጀች ዋጋዋ ግን አይወርድም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይጨምራል። ሌላው ዓለም ላይ ሃያ ዓመት የሞላት ኩፔ ርካሽ መጫወቻ ናት። እኛ ጋ ግን የአንድ ቤተሰብ ትልቁ ንብረት ልትሆን ትችላለች። ስህተት የሚያስከፍለውም ለዚያ ነው።

1. ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ወረቀቷን አንብቡ

ዋናውን ሊብሬ ጠይቁ፤ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም። ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ ተመልከቱ።

• የሻንሲና የሞተር ቁጥር። ሊብሬው ላይ ያለውን መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር በፊደልና በቁጥር አስተያዩ። የሻንሲ ቁጥር በአብዛኛው 17 ፊደልና ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ፊደል የተሠራችበትን አገር ይናገራል፦ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኬ ከሆነ ኮሪያ፣ ደብሊው ከሆነ ጀርመን። በቁጥሩ ዙሪያ የተፈጨ ብረት፣ አዲስ ብየዳ ወይም ብቻውን የተቀባ ቀለም ካያችሁ እዚያው አቁሙ። ሞተር ተቀይሮ ከሆነም ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። ስፖርት መኪኖች ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ማስመዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

• የቀረጥ ጉዳይ። መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባች ናት ወይስ ቀረጥ ተከፍሎባታል? በዲያስፖራ፣ በድርጅት ወይም በዲፕሎማት መብት ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ስትዞር ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። "በኋላ ይጨረሳል" የሚባል ነገር የለም። የማይጨርሰው ሻጭ ነው፣ የሚጨርሰው ገዢ ይሆናል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ለማየት ጠይቁ።

• እገዳ። የባንክ ብድር ያለባት፣ የፍርድ ቤት እግድ የተጣለባት ወይም በውርስ ክርክር ላይ ያለች መኪና ሊብሬዋ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነቱ ያለው ሊብሬውን በሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ፋይሉን አስፈትሹ። መኪናዋ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ካላት ማጣራቱ እዚያ ነው የሚሆነው። ቀን ይወስዳል ብላችሁ አትዝለሉት።

• ቦሎና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። የዘንድሮ ቦሎ ከሌላት ለምን? አንዳንዴ ምክንያቱ ቸልተኝነት ነው። አንዳንዴ ግን መኪናዋ ምርመራ ስለማታልፍ ነው። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣትም አብራችሁ ጠይቁ።

• መሪዋ በየት በኩል ነው? በሶማሌላንድ ጎዳናዎች ላይ የሚበዙት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ወደ እኛ ምሥራቅ አካባቢም ይዘልቃሉ። ዋጋቸው ልብ ያማልላል። ቀረጥ ያልተከፈለባትና ሕጋዊ ሰሌዳ የሌላት መኪና ግን በማንኛውም ኬላ ልትወረስ ትችላለች። ያኔ ገንዘባችሁን የሚመልስላችሁ የለም።

2. "በውክልና ውሰዳት" ሲባል

ድሬም ሆነ አዲስ አበባ የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ መኪና በውክልና ብቻ ሲሸጥ እናያለን። አንዲት መኪና በሦስትና በአራት ሰው ውክልና ትዞራለች፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሰው ነው። ይህ ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው።

ለገዢ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ባለ ሊብሬው ቢሞት መኪናዋ በሕግ ፊት የወራሾቹ ንብረት ሆና ትገኛለች። እናንተ እጃችሁ ላይ ቁልፍና ያለፈበት ወረቀት ይቀራል። ሰውየው ውክልናውን በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል።

ለሻጭ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፣ ሌላ ሰው ሲነዳት የደረሰ ቢሆንም። ስሟ ሳይዛወር የሸጣችኋት ፈጣን መኪና ነገ አንድ ሰው ብትገጭ መጀመሪያ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።

ስለዚህ ሽያጩ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፣ ስሙም ወዲያው ይዛወር። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ይጠይቃል። ያላገባ ከሆነም ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ያምጣ። "ሚስቴ ታውቃለች" በቃል አይሠራም።

3. ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር

ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ "ሳንመጣ እንዳታስነሳት።" ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት የሆነ ነገር ሊደበቅ ተፈልጓል ብላችሁ ጠርጥሩ። የሞቀ ሞተር ብዙ በሽታ ይሸፍናል።

ከማስነሳታችሁ በፊት፦

• የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ከታች ከሆነ ወይ ያፈሳል ወይ ይጠጣል። ዛሬ ጠዋት የተቀየረ የሚመስል ንጹሕ ዘይትም "ለምን ዛሬ?" ያሰኛል።

• የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍታችሁ ከስሩ እዩ። ወተት ያለው ቡና የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

• የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው በቀዝቃዛ ብቻ ነው። ውስጡ ቀለም ያለው ኩላንት ነው ወይስ የዛገ የቧንቧ ውሃ? ዝገት ካያችሁ መኪናዋ ለዓመታት በውሃ ብቻ ስትነዳ ኖራለች ማለት ነው።

አሁን አስነሷት፣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ለጥቂት ሴኮንድ የሚታይ ቀላል የጠዋት እንፋሎት ችግር የለውም። የማይጠፋና ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ኩላንት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ከወጣ ፋሻ ይጠረጠራል፤ ቁልቁለት ላይ እግር አንስታችሁ እንደገና ስትረግጡ ቦግ ካለ የቫልቭ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ ያላት መኪና ላይ ደግሞ ቱርቦው ራሱ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

ክሩስኮቱ ላይ ያሉትን መብራቶችም አትርሱ። ቁልፉ ሲዞር የቼክ ኢንጂን፣ የኤርባግና የፍሬን መብራቶች በርተው ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ያልበራ መብራት ካለ አምፖሉ ወይም ገመዱ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ዲያግኖስቲክ ማሽን ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ አስነብቡ። ማሽኑ "ኮድ የለም" ካለ ግን ወዲያው አትደሰቱ። ኮድ ጠዋት ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል ከደንገጎ መልስ እንደገና አስነብቡ።

4. ቀትር ላይ፦ የድሬ ፈተና

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ በእጥፍ ገደማ ከፍ ትላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች ቱርቦ የሌላት መኪና ድሬ ላይ ጉልበት ያገኘች ትመስላለች፣ ምክንያቱም እዚህ አየሩ ወፈር ይላል። ደላላው "እያት፣ እንዴት እንደምትስብ!" ሲላችሁ ግማሹ የድሬ አየር ሥራ ነው።

በተቃራኒው የአዲስ አበባ ብርድ የሸፈነው የማቀዝቀዣ ችግር እዚህ ይወጣል። እዚያ ራዲያተሩ በግማሽ ቢደፈን፣ ፋኑ ባይዞር፣ ኤሲው ለዓመታት ባይከፈት ማንም ላያስተውል ይችላል። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ቀትር በአንድ መብራት ላይ ይታወቃል።

ፈተናው ቀላል ነው። ቀን 7 ሰዓት ላይ መኪናዋን ጥላ የሌለበት ቦታ አቁማችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ፣ ኤሲውን ከፍታችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ። የሙቀት ጌጁ መሀል አካባቢ ላይ ረግቶ መቆም አለበት። ፋኑ ሲነሳና ሲጠፋ በጆሯችሁ ስሙ። ሳይጠፋ ሁልጊዜ የሚዞር ከሆነ በቀጥታ ከባትሪ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ጌጁ ከታች ተጣብቆ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነም ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ እኛ ጋ የተለመደ "መፍትሔ" ነው፤ የሚደብቀው ግን ዋናውን በሽታ ነው።

ኤሲው ቀዝቃዛ ካልነፋ "ጋዝ ነው፣ በትንሽ ብር ይሞላል" ይሏችኋል። ጋዝ ከሆነ ሻጩ ራሱ ያስሞላውና እንይ። ካልሆነ ኮምፕረሰር ነው፤ የስፖርት መኪና ኮምፕረሰር ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

5. ደንገጎ፦ ነፃው የምርመራ ማሽን

የድሬ ገዢ አዲስ አበባ ያለ ገዢ በቀላሉ የማያገኘው ነገር አለው፦ የደንገጎ ዳገት። ከድሬ ተነስታችሁ ወደ ሐረማያ ስትወጡ በአጭር ርቀት ወደ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ትጨምራላችሁ። በሙቀት ተነስቶ ረጅም ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ረጅም ቁልቁለት መውረድ፤ ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም።

ስትወጡ፦

• የሙቀት ጌጁን ተከታተሉ። ከፍ ብሎ የማይመለስ ከሆነ መንገዱን ዳር ይዛችሁ አቁሙ። ያያችሁት ያያችሁት ነው፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

• ማንዋል ከሆነች በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ጫን በሉ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኗ አልቋል።

• አውቶማቲክ ከሆነች ካምቢዮው ሲቀይር መምታት፣ መዘግየት ወይም መንሸራተት መኖሩን አስተውሉ። ከመነሳታችሁ በፊትም ፍሬን ይዛችሁ ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ቀያይሩ፤ "ጓ" የሚል ድምፅ መጥፎ ምልክት ነው።

• ቱርቦ ያላት መኪና ዳገት ላይ ስትረገጥ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ ልትገፋ ይገባል። ካልገፋችና እንደ ሳይረን የሚጮህ ድምፅ ካለ ቱርቦው ይታይ።

ሐረማያ አካባቢ ደርሳችሁ ሞተሩን አጥፉ። 15 ደቂቃ ሻይ ጠጡና እንደገና አስነሱ። በቀዝቃዛ ፈጥና የምትነሳ፣ በሙቅ ግን የምታስቸግር መኪና ብዙ ናት።

ስትወርዱ ፍሬን ላይ አትንጠልጠሉ፣ ማርሽ ቀንሱ። ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፍሬን ዲስኩ ተጣሟል። ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ፍሬኑ እኩል አይዝም። ፔዳሉ እየሰነፈ ወደ ታች ከሄደ ቁልቁለቱን ቀስ ብላችሁ ጨርሱና መኪናዋን መልሱ። ፈጣን መኪና የማይይዝ ፍሬን ይዛ የምትሸጠው ዕቃ ሳይሆን አደጋ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ደንገጎ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ሕይወት በልቷል። የምትሞክሩት ጤንነቷን እንጂ ፍጥነቷን አይደለም። ኢንሹራንሷ ያላለፈበት መሆኑን ሳታረጋግጡ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው መሪ አስይዛችሁ አትውጡ። የጎማ ሚዛንና የመሪ መንቀጥቀጥ ለማየት ደግሞ ወደ ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ሜዳ ነው፤ በተፈቀደው ፍጥነት በቂ ነው።

6. ገላዋ፦ ግጭት፣ ጎርፍ፣ የተገለበጠ መሪ

ግጭት። ፓራፋንጎና በር መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን አስተያዩ፣ እኩል መሆን አለበት። ቀለሙን ፀሐይ ላይ በአግድም እዩ። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አሂዱ፤ የማይዝበት ቦታ ስር ስቱኮ ሊኖር ይችላል፣ ክፍሉ ከመጀመሪያውም ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ካልሆነ። የተቀባች መኪና ሁሉ መጥፎ አይደለችም፣ የድሬ ፀሐይ ቀለም ይበላል። የሚያስፈራው ከፊት በኩል ራዲያተሩን የያዘው ብረትና ሻንሲው ላይ ያለ ብየዳ ነው።

ጎርፍ። ይህን ድሬ ላይ ማስታወስ ግድ ነው። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ከላይ ከተራራው ዝናብ ከመጣ ግን ድንገት ይሞላል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። ውሃ የገባባት መኪና ታጥባ፣ ደርቃ፣ ሽቶ ተነፍቶባት ልትሸጥ ትችላለች። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት፤ ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውሃ እዚያ ደርሷል። ምንጣፉን አንሱ፣ የወንበር ብሎኖችን ዝገት እዩ፣ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በእጃችሁ ዳስሱ። ስፖርት መኪና ዝቅ ስለምትል ሌላውን የማይነካ ውሃ የእሷን ኮምፒውተር ይነካል።

የተገለበጠ መሪ። ከጃፓን ገበያ የወጡ ስፖርት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። አንዳንዶቹ ወደ ግራ ተገልብጠው ነው የሚሸጡት። በደንብ ከተሠራ ይነዳል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ መሪው መንገድ ላይ ሊከዳችሁ ይችላል። ምልክቶቹ፦ የዝናብ መጥረጊያዎቹ አቅጣጫ ለቀኝ ሹፌር እንደተሠራ ይሆናል፣ ክሩስኮቱ በአንድ ጎን አይገጥምም፣ ኮፈኑ ስር በሞተሩና በውስጥ ክፍሉ መካከል ባለው ላሜራ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ይታያል፣ የኤርባጉ ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እኩል መዞሩን ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

ከሥር። ሊፍት ላይ ሳትሰቅሏት አትግዙ። ዝቅ ያለች መኪና በየጉብታው ሆዷን ትላጫለች። የዘይት ቋቷ ተቀጥቅጧል? የተቆረጠ ስፕሪንግ አለ? አሞርዛተሩ ዘይት ያለቅሳል? ለድምፅ ሲባል የአየር ማጣሪያ ሣጥኑ ተነቅሎ ክፍት ማጣሪያ ከተገጠመላት ደግሞ በድሬ አሸዋ ስንት ዓመት እንደነዱባት ጠይቁ። አቧራ የገባበት ሞተር ፋሻው ቶሎ ነው የሚበላው።

ጎማና ኪሎ ሜትር። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ በድሬ ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይፈነዳል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ አሳይቶ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሹፌር ወንበር ጠርዝ ካለቁ ቆጣሪውን አትመኑ። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው በማይል ነው፤ 100,000 ማይል ማለት 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

7. ዕቃዋ ይገኛል ወይ?

ሐረር ላይ ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት የሠሩትን ፔጆ 404ዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ይህ ሞዴል መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊም በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ሐረር ላይ ያን ያህል የቆየው ግን በዋንጫ አይደለም። ሞተሩ ቀላል ነው፣ መካኒኮቹ ያውቁታል፣ ዕቃው ከአንዱ ተፈትቶ ለሌላው ይሆናል። ዘመናዊ ስፖርት መኪና በኮምፒውተርና በሴንሰር የተሞላች ስለሆነች እንደዚያ አትጠገንም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት "ሞተሯን ከየትኛው ተራ መኪና ጋር ትጋራለች?" ብላችሁ ጠይቁ።

• ቶዮታ ሴሊካ (የመጨረሻዋ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. 1999–2006)። መደበኛዋ 1.8 ሊትር ሞተር ከኮሮላ ቤተሰብ ናት፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ግን ዘይት በመጠጣት ይታወቃሉ። የዘይት መለኪያውን ከደንገጎ በፊትና በኋላ እዩ።

• ሂዩንዳይ ኩፔ 2.0። ሞተሯን ከኤላንትራ ጋር ትጋራለች። የታይሚንግ ቺንጊያ ነው ያላት፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ዋጋ ቀንሱ።

• ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ (በ1998 የወጣችው ትውልድ)። ለመንዳት ደስ ትላለች። የማቀዝቀዣ ክፍሎቿ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ በሙቀት ይሰነጠቃሉ። ድሬ ላይ የኩላንት ጋኗንና የውሃ ፓምፗን ሳትቀይሩ መንዳት ቁማር ነው።

• ጎልፍ ጂቲአይ (አምስተኛ ትውልድ)። ቱርቦዋ ጥሩ ቤንዚን ትፈልጋለች፣ ማደያዎቻችን ደግሞ ምርጫ አይሰጡም። ዳገት ላይ ሞተሯ "ክክክክ" የሚል ማንኳኳት ካሰማ ተጠንቀቁ። አውቶማቲኳ ዲኤስጂ ከሆነ የሚጠግን ሰው ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

• ማዝዳ አርኤክስ-8። ሞተሯ ፒስተን የላትም፣ የሚሽከረከር ሮተር ነው። በተፈጥሮዋ ዘይት ታቃጥላለች፣ ኮምፕሬሽኗ የሚለካውም በልዩ መሣሪያ ነው። የቅርብ ጋራዣችሁ መካኒክ ከፍቷት የማያውቅ ከሆነ ይቅርባችሁ።

8. ገንዘብ ስትሰጡ

• ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ውላችሁ ሌላ ካላለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢቀር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ "የትራንስፖርት ፋይሉ እገዳ ካለበት ቀብዱ ይመለሳል" የሚል ቃል አስገቡ።

• ቀሪው ክፍያ በባንክ፣ ለባለ ሊብሬው ስም ይሁን። ለደላላ ወይም "ለወንድሙ" አይሁን።

• ዋጋ አሳንሶ መጻፍን አትስማሙ። ከሕግ ውጭ መሆኑ ሳያንስ፣ ነገ ውሉ ፈርሶ ገንዘባችሁ ይመለስ ቢባል መከራከሪያችሁ ውሉ ላይ የተጻፈው ነው።

• ሻጩ በቃል የተናገረውን ውሉ ላይ አስፍሩ፦ "ሞተር አልተቀየረም"፣ "ጎርፍ አልገባባትም"፣ "ቀረጥ ተከፍሏል"። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይፈራም። ከፈራ መልሱን አግኝታችኋል።

• ያላችሁን ሁሉ አትክፈሉ። ከበጀታችሁ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጡ። ዘይት፣ ኩላንት፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ወዲያው ገንዘብ ይጠይቃሉ።

• መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን የእናንተን። ሻጩ የሚያመጣው መካኒክ የሻጩ ነው። ለምርመራ የምትከፍሉት ብር ከጠቅላላ ዋጋው አንፃር ምንም አይደለም።

በአጭሩ፣ ስልካችሁ ላይ ያዙት

1. ዋናው ሊብሬ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አንድ ናቸው?
2. ፋይሏ ተፈትሿል? እገዳ፣ ቀረጥ፣ ቅጣት የለባትም?
3. ሻጩ ባለ ሊብሬው ራሱ ነው? የትዳር ጓደኛው ተስማምቷል?
4. ጠዋት በቀዝቃዛ ተነስታ ጭሷ ንጹሕ ነው?
5. ቀትር ላይ ኤሲ ተከፍቶ 20 ደቂቃ ቆማ ሙቀቷ ረግቷል?
6. ደንገጎን ወጥታ፣ ጠፍታ፣ በሙቅ ተነስታ፣ ፍሬኗ ሳይሰንፍ ወርዳለች?
7. ሊፍት ላይ ተሰቅላለች? ጎርፍ፣ ብየዳ፣ የተገለበጠ መሪ ታይቷል?
8. ሞተሯን የሚያውቅ መካኒክና ዕቃ ከተማው ውስጥ አለ?

ከስምንቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ "አይደለም" ካላችሁ ድርድር የለም፣ ትተዋት ሂዱ። ከአራት እስከ ስምንት ያሉት ላይ ግን ጉድለቱን በብር አስልታችሁ ከዋጋው ላይ መቀነስ ትችላላችሁ፤ ከፍሬን፣ ከመሪና ከሻንሲ ብየዳ በስተቀር። እነዚህ ሦስቱ በብር አይደራደሩም።

ደላላው "ሌላ ገዢ ማታ ይመጣል" ይላችኋል፣ ሁሌም ይላል። ማታ የሚመጣ ገዢ ካለ ይውሰዳት አቦ። ወረቀቷ ንጹሕ የሆነና ደንገጎን ሳትንተከተክ የምትወጣ መኪና ለማግኘት ሁለት ወር መጠበቅ፣ ሁለት ዓመት ጋራዥ ከመመላለስ ይሻላል።

ለመግዛት እየተሯሯጠ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ቀብድ ሳይሰጥ አድርሱለት።